የሚጮኸው የዘይት በርሜል

ስሜ ቢያዝን ነው፤ ሰው ቁጡ ነው ይለኛል። ነኝ፤ ምን ይጠበስ? ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ላይ በቶርኖ ማሽን ብረት እቀርጻለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲጮህብኝ ውዬ እንደ መነኩሴ እንድናገር የሚጠብቅ ካለ ራሱ ይምጣና ይሞክረው። የዚያን ሰኞ ጠዋት ግን የተቆጣሁት በከንቱ አልነበረም። ኃላፊያችን ግሩም አንድ የተሰበረ የኢሱዙ አክስል አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዷ አደረገና፣ «ይኸው፣ ደግሞ ሌላ ተመለሰ» አለኝ። አየሁት። ክው አልሁ። የእኛው ነው! እኔ ቀርጬው፣ እትዬ ፅጌ በእሳት አጠንክረውት የወጣ። ያውም በቅርቡ እንደተመለሱት ሁሉ እዚያችው ቦታ ላይ፣ ጥርሱ አጠገብ ቀጭ ብሏል።

አክስል ማለት የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማ የሚያደርስ የብረት ዘንግ ነው። አንዱ ጫፉ እንደ ሳህን ሰፋ ብሎ ከጎማው ጋር በቡሎን ይታሰራል፤ ሌላው ጫፉ ጥርስ አለው፣ መኪናው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ሳለ እሱ ከተሰበረ ሞተሩ ቢያጓራ ጎማው አይሰማውም። ፍሬኑ ካልያዘለት ወደ ኋላ መንሸራተት ነው፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ገደል ይሁን ሰው አይመርጥም።

«ጥርሱ የሚጀምርበትን ጥግ በጣም ስል አድርገህ ቆርጠኸው እንዳይሆን?» አለ ግሩም። «ስል ጥግ ስንጥቅ ይጠራል።»

«እኔ?» አልሁት። ደሜ ፈላ። «እኔ ነኝ ስል ጥግ የምቆርጠው? ይኼን ቶርኖ ስይዝ አንተ ሐዋሳ ፊደል እየቆጠርህ ነበር!»

ግሩም ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰባራውን ማገላበጥ ያዘ። ይልቅ እትዬ ፅጌ ጩኸቴን ሰምተው ከእሳት ቤቱ ብቅ አሉ። ሰባራውን ብረት ሲያዩ እጃቸውን በአፋቸው ጭነው በቁማቸው ቀሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም ንዴቴ ባንዴ ውልቅ አለ፤ ለእሳቸው የተሰበረ አክስል ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ።

እትዬ ፅጌ፣ ሙሉ ስማቸው ፅጌ ማርያም፣ የዘጌ ልጅ ናቸው። አባታቸው መሪጌታ ጥዑመ ልሳን እዚያው ደብር ሲያስተምሩ ኖረው እዚያው ያረፉ ሊቅ ነበሩ። እሳቸው ያደጉት ቡና እየለቀሙ፣ የአባታቸው ተማሪዎች ሲቀጽሉ እያዳመጡ ነው፤ ዛሬም የየዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያወርዱታል። ኋላ ሀብተ ሥላሴ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አገቡና በጀልባ ተሻግረው ባሕር ዳር ገቡ። ሀዲስን ወለዱ። ሀዲስ ገና አፉን ሳይፈታ፣ ሀብተ ሥላሴ ከቁንዝላ እህል ጭኖ ሲመለስ መንገዱ ከሚሻገረው ወንዝ በላይ ባለው ዳገት ላይ አክስል ተሰበረበት። መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ወንዙ ውስጥ ገባ። በቃ፣ ያን ቀን ቤታቸው ፈረሰ።

ከሰልስቱ በኋላ እትዬ ፅጌ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጥቁራቸውን እንደለበሱ፣ ሰባራውን አክስል በነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው እኛ ወርክሾፕ መጡ። እኔ ያኔ ገና ተቀጥሬ ነበር። በሩ ላይ ቆሙና፣ «ይኼ ለምን ተሰበረ?» አሉ። ሌላ ቃል የለ፣ ለቅሶ የለ። ሁላችንም ማሽን አጠፋን። 

የመለሱላቸው የእሳት ቤቱ ሽማግሌ መርስዔ ኀዘን ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ነጠላውን ገለጥ አድርገው ስብራቱን በጣታቸው ዳሰሱት። «ልጄ፣ ብረትም ይደክማል» አሏቸው። «መኪናው በተነሣ ቁጥር ይጠመዘዛል፣ በቆመ ቁጥር ይፈታል። እንዲህ ሲሆን ከርሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። እሷ ቀስ እያለች ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ማንም አያያትም። አንድ ቀን ዳገት ላይ ያልቅለታል። ይኼኛው ጥሬውን ነው የተሸጠላችሁ፣ እሳት አልበላም። እሳት በወጉ የበላ ቢሆን ቶሎ ባልደከመ።»

እትዬ ፅጌ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «እንግዲያው እሳቱን ያስተምሩኝ» አሉ።

ወይ ጉድ! ሴት፣ ያውም ሐዘንተኛ፣ ያውም የመሪጌታ ልጅ፣ እቶን ፊት? እኛ ስንተያይ ሽማግሌው ግን ሽርጥ ፈልገው አስታጠቋቸው። እትዬ ፅጌም ከዚያ እሳት ቤት አልወጡም።

ሥራውን አፍ አውጥተው ሲያስረዱ ልጅ እንኳ ይገባዋል። መጀመሪያ አክስሉ እቶን ውስጥ ገብቶ ይግላል። መቼ እንደሚበቃው የሚያውቁት በቀለሙ ነው፤ የደረሰ የዘጌ ቡና ፍሬ ሲመስል ነው፤ ከዚያ ከነጣ ተበላሸ፣ ከጠቆረ አልበሰለም። ሙቀት መለኪያ ከመጣ በኋላም መለኪያውንም ቀለሙንም ያያሉ። ከዚያ በሰፊው ራሱ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ጥርሱ ወደ ታች ሆኖ፣ ረጅሙ የዘይት በርሜል ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል። ዘይቱ ሲያቀዘቅዘው ይጠነክራል፤ ግን ጥንካሬው የብርጭቆ ነው፣ ቢመቱት ይረግፋል። ስለዚህ ለዘብ ባለ ሁለተኛ እሳት ላይ እንደገና ያሳርፉታል። ያኔ ጥንካሬውም አለ፣ ትዕግሥቱም አለ። እትዬ ፅጌ ያንን ሁለተኛ እሳት ከሁሉ ይወዱት ነበር፤ «አሁን ሰው ሆነ» ይሉታል ብረቱን።

ታዲያ ስንትና ስንት ዘመን አንድም አክስላቸው ተሰብሮ አልመጣም። ሾፌሮች፣ «የእትዬ ፅጌን ስጡን» እያሉ በስም ነበር የሚጠይቁ። ቀልድ አይደለም፤ እኔ እንኳ የቀረጽሁት እኔ ሆኜ ሳለ ስሜ አይነሣም ነበር። ይኼ ያናድደኛል፤ ግን እሳቸውን ማን ይቀናባቸዋል?

ችግሩ ሀዲስ ነው። ኮሌጅ ገብቶ ወጥቶ ቢሮ ይቀመጥልኛል ሲሉት መንጃ ፈቃድ ይዞ መጣ! በዚያ ላይ መንገዱ የቁንዝላ! የነገሩን ቀን ምሳቸውን ሳይነኩ ወደ እቶናቸው ተመለሱ። «ምን ላድርገው፣ ቢያዝን ልጄ?» አሉኝ። «አባቱን የበላ መንገድ ነው።» ምን ልበላቸው? የልጁን አክስል ራስዎ ይሥሩለት አልኋቸው። ሠሩለትም። ሀዲስም በየሄደበት፣ የእናቴ እጅ ነው ጎማዬን የሚያዞረው እያለ ይፎክር ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነበርን፣ ሰባራው ጠረጴዛዬ ላይ ሲወድቅ።

ግሩም ስብራቱን በቤንዚን አጠበና ብርሃን ላይ አዞረው። ቆይቶ፣ «ቢያዝን፣ ና እስቲ» አለኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። የተሰበረው ፊት ግማሹ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። በጠርዙ በኩል ግን እንደ ግማሽ ጨረቃ የጠቆረ አለ።

«የሚያብረቀርቀው አሁን የተሰበረው ነው» አለ ግሩም። «ጥቁሩ ግን ሁለተኛው እሳት ላይ ነው የጠቆረው። እሳት ሲገባ ስንጥቁ ቀድሞ ነበረ ማለት ነው። ይቅርታ፣ ያንተ ቶርኖ አይደለም። ይኼ የተሰነጠቀው እዚህ፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ነው።»

«አላልሁህም!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትሁ። ከዚያ እትዬ ፅጌን አየሁና አፌ እንደተከፈተ ቀረ። እኔ ነፃ ስወጣ ጥፋቱ የሚወርደው ማን ላይ እንደሆነ ገባኛ!

ግሩም ግን እሳቸውን አልወቀሰም። «ሁሌም የሚሰበረው ወደ ታች የሚገባው ጫፍ ነው» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «በርሜሉ ሥር ምን አለ?»

ሄድን። ከበርሜሉ ሥር ያለውን ቡሎን ፈታሁና ባልዲ ደቀንሁ። ጥቁር ዘይት ነበር የጠበቅሁ። ቿ ብሎ የወጣው ውኃ! ኩልል ያለ ውኃ! ባልዲው ሞላ፣ ሌላ አመጣሁ፣ እሱም ሊሞላ ሲል ነው ዘይቱ መከተል የጀመረ።  ዘይት ትኩስ ብረትን በቀስታ ነው የሚያበርደው፤ ውኃ ግን እንዲህ ያለውን ብረት ባንዴ ያስደነግጠዋል፣ ያን ጊዜ ነው የሚሰነጠቀው። ውኃ ደግሞ ከዘይት ይከብዳል፤ ሥር ተኝቶ ማንም ሳያየው የእያንዳንዱን አክስል ጥርስ ሲቀበል ከርሟል።

«ማነው እዚህ ውኃ የጨመረው?» ብዬ ጮኽሁ። «ጣሪያው ነው? ዘበኛው ነው? እጁን ነው የምቆርጠው!»

«ውኃ አይደለም» አሉ እትዬ ፅጌ ከኋላዬ። ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። «ጠበል ነው።»

ኧረ በማርያም! እኔና ግሩም ዞረን አየናቸው። እኔ በሕይወቴ እንዲያ ደንግጬ አላውቅም።

ሀዲስ መንጃ ፈቃዱን ካወጣ ጀምሮ ነው ለካ። በየወሩ በማርያም ዕለት ዘጌ ተሻግረው ጠበል በጀሪካን እየቀዱ ያመጣሉ፤ በእጃቸው የሚያልፍ ብረት ሁሉ ሰው እንዳይጨርስ ብለው በርሜሉ ውስጥ ይጨምራሉ። «ከዚያ በኋላ» አሉ፣ «ብረቱ ሲገባ በርሜሉ ከሥሩ ይጮህ ጀመር። ደስ አለኝ። ጠበል ሲነካው የሚጮኸው ክፉው አይደል? ለቀቀልኝ ብዬ እልል አልሁ።»

የሚጮኸው እኮ ውኃው ነው! ትኩስ ብረት ሲነካው በዘይቱ ሥር እየፈላ ነው የሚጮኸው! ይኼን ልነግራቸው አልቻልሁም፤ አያስፈልግምም ነበር፤ ባልዲውን እያዩ ሁሉም ገብቷቸዋል።

ግሩም ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ የሀዲስስ?» አላቸው።

«የሀዲስ ዕለትማ» አሉ፣ «ጀሪካኑን ሙሉ ነው የገለበጥሁት።»  ሀዲስ ትናንት ቁንዝላ ወርዷል። ዛሬ ሽንኩርት ጭኖ፣ በላዩ ገበያተኛ ደርቦ፣ ያንኑ ዳገት ሊወጣ ነው።

ሀዲስ ጋ ደወልን፤ ስልኩ አይሠራም። ደግመን ደወልን፣ አይሠራም። ግሩም ከዚያው በርሜል የወጣ አክስል ለወሰዱት ለሌሎቹ ሾፌሮች ሊደውል ቀረ፤ እኔ የወርክሾፑን ፒካፕ አስነሥቼ፣ ከመደርደሪያ ጠበሉ ከመጨመሩ በፊት የተሠራ አንድ አክስል ጭኜ፣ እትዬ ፅጌን አጠገቤ አስቀምጬ በዱርቤቴ በኩል ነዳሁት። መንገዱ ወገብ ይቆርጣል። እሳቸው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቁኝ፦ «ዳገቱን ሳይጀምር እንደርስበታለን?» እንደርሳለን እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ምን አውቄ? ዳገቱ ጋ ስንደርስ ቁልቁል ወደ ወንዙ ለማየት ፈራሁ። እሳቸው አዩ። ምንም አልነበረም። እፎይ ብዬ መሪው ላይ ተደፋሁ፤ እሳቸው ግን፣ «ንዳ!» አሉኝ።

ቁንዝላ መውጫ ላይ ደረስንበት። ቀዩ ኢሱዙ ተነሥቶ ሞተሩ እያጓራ ነው። ሽንኩርቱ ላይ ሴት ወንዱ ተደርድሯል። መንገዱን ዘግቼ ቆምሁ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ? ምን መጣ?» ሀዲስ ዘሎ ወረደ።

«አክስሉን አውልቅ» አሉት።

«የቱን? ያንቺን?» ሳቀ። ሰው ሁሉ ሰማ። እትዬ ፅጌም ሳይደብቁ ነገሩት፤ በርሜሉን፣ ጠበሉን፣ ስንጥቁን። ምን ሆነ መሰላችሁ? ይደነግጣሉ ስል ከላይ አንዲት አሮጊት እልልታውን አቀለጡት! «ጠበል የነካው ነው እንዴ የተቀመጥንበት? ተመስገን!» አሉ። ሌላው ደግሞ፣ «ጠበል የነካውን አውልቁ የሚል ማን ይባላል?» ብሎ በእኔ ላይ ዓይኑን አፈጠጠ። ወገቤን ይዤ ቀረሁ። እኛ ልናስወርዳቸው መጥተን ጭራሽ ልብ ሰጠናቸው!

«ስሙኝ እናንተ!» አልሁ። «ጠበሉ ምን አደረገ? ብረት እኮ ነው፣ በሽተኛ አይደለም! የተሰነጠቀ ብረት ነው!» ማን ይሰማኛል? ቁጣዬ አባሰው እንጂ።

ሀዲስ እናቱን ትከሻቸውን ይዞ ሳማቸው። «እማዬ፣ እኔ በዚህ መንገድ የምተማመነው ባንቺ እጅ ነው። ከዚያ ላይ ጠበል ካለበት ምን ልሁን ብለሽ ነው? ሽንኩርቱ ይበላሻል፣ ሰው ይጠብቃል። ማታ ቤት እንነጋገራለን» ብሎ ጋቢና ገባ። በሩን ዘጋ። ማርሽ ሲያስገባ ሰማሁ።

እትዬ ፅጌ አልጮሁም፤ ልጃቸውን አልረገሙም። ሄደው ከፊተኛው ጎማ ሥር መሬቱ ላይ ተጋደሙ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉና፣ «እንግዲህ በላዬ ሂድ» አሉ።

የሰዉ ጩኸት! ከላይ የሚወርደው፣ የሚያማትበው። ሀዲስ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። እናቱን ሊያነሣ ጎተተ፤ አልነሣም አሉ። «አውልቁት» ብቻ ነው የሚሉት ከነጠላው ሥር።

መፍቻዬን ይዤ የኋላ ጎማው ጋ ተንበረከክሁ። ቡሎኖቹን ፈታሁ፣ አክስሉን ስቤ አወጣሁት። በጨርቅ ጠረግሁት። ከላይ ሲታይ ምንም የለው፣ ለዓይን የሚያምር ብረት ነው። ሀዲስ፣ «ይኸው! የታል ስንጥቁ?» አለኝ። ራሴን ጠረጠርሁ፤ ይኼኛው ደህና ቢሆንስ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?

አክስሉን በሁለት ድንጋይ መካከል አጋደምሁና ትልቁን መዶሻ አነሣሁ። ደህና አክስል እንዲያ ቢመቱት እንደ ደወል ጮሆ እጅ ይመልሳል። መታሁት። ድፍን ያለ ድምፅ አወጣና ቀጭ አለ። ጥርሱ ተቆርጦ አሮጊቷ እግር ሥር ተንከባለለ። በስብራቱ ፊት ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ጥቂት ነበር፤ ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው። አባቱ ከወደቀበት ዳገት ሊያደርሰው የቀረው ያ ጥቂቱ ብቻ ነበር።

 እልል ያሉት አሮጊት በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። እኔም መዶሻውን እንደያዝሁ ደነዘዝሁ፤ አውቄ መጥቼ እንኳ በአንድ ምት ይሄዳል አላልሁም።

እትዬ ፅጌ ከመሬቱ ተነሡ። ነጠላቸውን አውልቀው መሬት ላይ ዘረጉና ሁለቱንም ስባሪ ሰብስበው ጠቀለሉት፣ ታቀፉት። ያንኑ አስተቃቀፍ አየሁ፤ ያኔ በራችን ላይ ቆመው ያየሁትን። እንባዬ መጣ፣ ምን አፍራለሁ።

ሀዲስ ፊታቸው ቆሟል። የአባቱን አክስል ታሪክ ከእኛው ወርክሾፕ ሰዎች ሰምቷል፤ እናቱ ግን አንድም ቀን ነግረውት አያውቁም። በጣቱ ነጠላውን ነካ አደረገና፣ «እማዬ፣ ይኼ ለምን ተሰበረ?» አላቸው፤ ቅድም ሁሉንም እንዳልነገሩት ሁሉ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉት። «ስለፈራሁልህ ነው።»

ሀዲስ አክስሉን ከእጃቸው ሊቀበል ሞከረ፤ አልሰጡትም። እዚያው አቧራው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠና ራሱን ትከሻቸው ላይ ጣለ። እኔ ከፒካፑ ሌላውን አክስል አወረድሁ። መፍቻው ከእጄ እየወደቀ አስቸገረኝ፤ ቡሎኖቹን አስሬ እስክጨርስ ከተሳፋሪው አንድም ሰው ቶሎ በል አላለኝም።